ሆፕ የበዛበት ቢራ ጉድለት መሸፈኛ ነው? አንድ ጥያቄና 34 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የጻፍኩት ብርጭቆው ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ምሬቱም ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ነው። በንዴት የተጻፈ ነገር ራሱን ያስታውቃል፤ የእኔም እንደዚያው ነበር። አንድ ትንሽ ጠማቂ የሠራውን አይፒኤ የሚባል፣ ሆፕ የተሰኘው መራራ አበባ የበዛበት ቢራ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ቆየሁና ከፈትኩት። መለያው 6.5 በመቶ አልኮል፣ 65 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ ነው) ይላል። ቀለሙ ወደ መዳብ ያደላ ወርቃማ፣ ትንሽ የደፈረሰ። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ የመጣው የተቃጠለ ጎማና የአውሬ ጠረን የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ነው። ከኋላው፣ ብዙ ተለምኖ የወጣ ይመስል፣ ቀጭን የብርቱካን ልጣጭ መዓዛ አለ። ስቀምሰው ማር ማር የሚል ጣፋጭነት፣ ወዲያው የራሰ ካርቶን፣ ከዚያ ምላስ ላይ ተደላድሎ አልሄድም የሚል ምሬት።

ይህን ዘርዝሬ ምን ሆኖ ነው ብዬ ብቻ ብጠይቅ ነገሩ በአምስት መልስ ባለቀ። እኔ ግን ፍርድ ጨመርኩበት። ትንንሽ ጠማቂዎች ሆፕ የሚያበዙት የቢራቸውን ጉድለት ለመሸፈን ነው፣ ምሬት ሲበዛ የተበላሸውን ሁሉ ይደብቃል ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ አልኩ። አረሙኝ።

1ኛውን መልስ የሰጠው ሰው ጨዋ ነበር። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ እሱም እንደ እኔው ግማሽ ብርጭቆ ላይ እጅ መስጠቱን ነገረኝ፤ ጠማቂዎቹ ማን ይበልጥ ያመራል በሚል ሩጫ ውስጥ ገብተዋል ሲልም አገዘኝ። 2ኛው የሚጥመኝን እንድጠጣ፣ የማይጥመኝን እንድተው መከረኝ፤ በቃ። እንዲህ ያለ ምክር የሌለበት ውይይት አይቼ አላውቅም፤ የሚክደው የለም፣ የሚጠቀምበትም የለም።

3ኛው ግን ወንበሩን ስቦ የተቀመጠ ሰው ነበር። የሆፕ ምሬትና የሆፕ መዓዛ ከአንድ አበባ ቢወጡም በሁለት መንገድ ነው የሚመጡት ብሎ ጀመረ። ሴቴዋ አበባ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበባት፣ አረንጓዴ፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ስትገነጠል ሥሯ ላይ እጅ የሚያጣብቅ ቢጫ ዱቄት ይታያል፤ ሉፑሊን ይባላል፤ ለቢራ የሚፈለገው ነገር በሙሉ ያለው እዚያ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያሉት አልፋ አሲዶች እንዳሉ ብዙም አያመሩም፣ በደንብም አይሟሙም። ከብቅሉ በወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሲፈሉ ግን ቅርጻቸው ይለወጥና አይሶ አልፋ አሲድ ይሆናሉ፤ ምላሳችን የሚያውቀው ምሬት ያ ነው። መዓዛውን የያዙት ዘይቶች፣ ማይርሲን፣ ሁሙሊን፣ ሊናሎል የሚባሉት፣ ሙቀት አይችሉም፤ በዚያው አንድ ሰዓት አብዛኞቹ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠማቂው ለምሬት የሚፈልገውን ሆፕ መፍላት ሲጀምር ይጨምራል፤ ለመዓዛ የሚፈልገውን ደግሞ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ወይም ከጠፋ በኋላ። አልፎ ተርፎም እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ያልፈላ ሆፕ ቢራው ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ድራይ ሆፕ የሚሉት ይህን ነው። ግሬፕፍሩት፣ ማንጎ ወይም ጥድ የሚሸቱት ቢራዎች አብዛኛውን ጊዜ ፍሬም ጥድም አልነካቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬ ከተለቀቀው ካስኬድ ጀምሮ እስከ 2012ቱ ሞዛይክ ድረስ የተዳቀሉት የአሜሪካ ዝርያዎች ናቸው እንዲህ የሚያሸቷቸው።

ከዚያ ወደ ክሴ ዞረ። ሆፕ ጥቂት ነገር ሊሸፍን እንደሚችል አልካደም፤ ላገር በሚባለው ቀለል ያለ የቢራ ዓይነት ላይ ወዲያው የሚጋለጥ ስህተት አይፒኤ ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል። እኔ የዘረዘርኳቸው ሽታዎች ግን በሆፕ የተሸፈነ ነገር ሳይሆን ሆፑ ራሱ የደረሰበት ነገር ይመስላሉ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያን ዕለት አነበብኩት እንጂ አልገባኝም ነበር።

4ኛው ላይ አንድ ሰው ሆፕን ጌሾ ብሎ ጠራውና ወሬው ተጠለፈ። 5ኛዋ፣ ከአጻጻፏ የዕፅዋት ትምህርት የተማረች የምትመስል፣ በትህትና ግን ሳትምር አረመችው። ጌሾ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባል፣ ቅጠሉም እንጨቱም የሚመር ቁጥቋጦ ነው፤ ሆፕ ግን ሁሙለስ ሉፑለስ የሚባል፣ የሚጠመጠም ተክል ነው፤ ቤተሰባቸውም አንድ አይደለም። ሁለቱም ስለሚያመሩ በአንድ ስም መጥራት ኮሶንና ሬትን አንድ እንደማድረግ ነው ስትል ደመደመች። ባታነሳው ይሻል የነበረው፣ ሆፕ የካናቢስ ቤተሰብ አባል መሆኑን ነው። 6ኛው የሚጠበቀውን ጠየቀ፤ 7ኛው የሥጋ ዝምድና ብቻ መሆኑን፣ ካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ቅመም ሆፕ ውስጥ አለመኖሩን መለሰ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

8ኛው 65 አይቢዩ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳ። አንድ አይቢዩ በግምት በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለ 1 ሚሊግራም አይሶ አልፋ አሲድ ነው። ቀላል ላገር 10 አካባቢ ሲሆን፣ የአሜሪካ አይፒኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ውስጥ ይገኛል። ግን ቁጥሩ የሚለካው ፈሳሹን እንጂ ምላስን አይደለም፤ ብቅሉ የጠገበ፣ ጣፋጭነቱ የበረታ ቢራ 60 ይዞ ለስላሳ ሲሆን፣ ቀጭኑ በ40 ሊያንገፈግፍ ይችላል። ጥሩ መልስ ነበር፤ 9ኛው አበላሸው። መለያ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ስለ ጠማቂዎች ጉድለት ባይናገር ይመረጣል አለ፤ ስሜን ባይጠራም ከእኔ በቀር ማንን ሊል ይችላል። ልመልስለት ጀምሬ አጠፋሁት። 10ኛዋ ቀድማኝ፣ ጥያቄ የጠየቀን ሰው ማሸማቀቅ ሌላው እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው ብላ ገሠጸችው። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

ነገሩን የለወጠው 11ኛው ነው። ቤቱ ውስጥ ለራሱ የሚጠምቅ ሰው መሆኑን ገልጾ፣ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ጠየቀኝ፤ የጠርሙሱን ቀለም፣ ተቀምጦ የነበረበትን ቦታ፣ የታሸገበትን ቀን፣ ስጠጣው ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደነበር። ሐኪም ጉሮሮ ከማየቱ በፊት ትናንት ምን በላህ እንደሚለው ዓይነት ነው። 12ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እያፈርኩ ነው የጻፍኩት። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው። የተቀመጠው ኩሽና መስኮቱ ላይ ነው፤ አብሮት የገዛሁት ወንድሙ አሁንም እዚያው ቆሟል። ቀኑን ፍለጋ አንገቱን ባዞር፣ በደበዘዘ ቀለም ከታተመው ቁጥር ከታሸገ አራት ወር ከሃያ ቀን ማለፉን አወቅኩ። ቅዝቃዜውስ? ጫፉ ላይ በረዶ ሊሠራ ሲል ነው ያወጣሁት።

13ኛው በሳቅ ምልክት ብቻ መለሰ። ይገባኛል።

14ኛው ስለ ብርሃን ጻፈ። አይሶ አልፋ አሲድ ከ350 እስከ 500 ናኖሜትር ባለው ብርሃን፣ ማለትም በአልትራቫዮሌቱና በሰማያዊው ክፍል ሲመታ ይሰበራል፤ የተሰበረው ቁራጭ ቢራው ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ተጣምሮ ስከንክ ከሚባለው የአሜሪካ እንስሳ መከላከያ ሽታ ጋር የሚቀራረብ ውሁድ ይፈጥራል። የቤልጂየምና የአሜሪካ ኬሚስቶች የአሰባበሩን ሂደት እ.ኤ.አ. በ2001 በዝርዝር አሳይተዋል። አፍንጫችን ይህን ነገር በሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ሲኖር እንኳ ይለየዋል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈጠር ይችላል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ጎጂ ብርሃን ይከለክላል፣ አረንጓዴ ብዙም አይረዳም፣ ነጩ ጭራሽ፤ ቆርቆሮ ግን ምንም አያስገባም። የአውሬ ሽታ ብዬ የጻፍኩት፣ እንስሳውን በሕይወቴ አይቼው ሳላውቅ፣ ልክ ነበር ማለት ነው። በዚህ ውይይት ውስጥ ትክክል የሆንኩት እዚያ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

15ኛው አልተዋጠለትም። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በአረንጓዴና በነጭ ጠርሙስ ዓለምን ሲያዳርሱ ማንም አልጮኸም፤ ትንሹ ጠማቂ ሲሆን ነው ወይ የሚሸተው ብሎ ተቆጣ። 16ኛው ረጋ አድርጎ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛ፣ ያ ሽታ እነሱም ዘንድ አለ፤ ብዙ ጠጪ ለምዶት የቢራው ጠባይ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛ፣ በነጭ ጠርሙስ ከሚያሽጉት አንዳንዶቹ ተራ ሆፕ ሳይሆን ብርሃን እንዳይሰብረው ኬሚካላዊ ቅርጹ የተስተካከለ የሆፕ ጭማቂ ነው የሚጠቀሙት። አይፒኤ የሚጠምቅ ትንሽ ሰው ያን መንገድ አይሄድም፤ ሙሉውን አበባ ወይም ተፈጭቶ እንደ እንክብል የተጠቀጠቀውን ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ሆፑ በበዛ መጠን ብርሃኑ የሚሰብረውም በዚያው ልክ ይበዛል።

17ኛው ካርቶኑን ወሰደ። ለካ የራሰ ካርቶን ጣዕም እኔ የፈጠርኩት ዘይቤ አይደለም፤ ቀማሾች ያረጀ ቢራን የሚገልጹበት የታወቀ ቃል ነው። ቢራው ሲታሸግ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኦክሲጅን ሥራዋን ትሠራለች፤ ሙቀት ያጣድፋታል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በጣት የሚቆጥሩት ስሌት አላቸው፤ በ32 ዲግሪ 3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ 300 ቀን ቢራን እኩል ያስረጃሉ ይላሉ። የእኔ ጠርሙስ በዚህ ቢሰላ ሽማግሌ ነው። ሆፕ የበዛበት ቢራ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው መዓዛው ነው፤ የብቅሉ ጣፋጭነት ወደ ማርና ወደ ካራሜል ያዘነብላል፤ ምሬቱ በመለኪያ ሲታይ እየቀነሰ ምላስ ላይ ግን እየሻከረ ይሄዳል። ይህን ሳነብ የመጀመሪያውን ጽሑፌን መልሼ ከፈትኩት። ማር፣ ካርቶን፣ የማይሄድ ምሬት፤ በተራ ተራቸው ተደርድረዋል። የቢራውን ጉድለት ስዘረዝር የመስኮቴን ታሪክ ነበር የምጽፈው።

እዚህ ጋ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ታሪክ የሚወድ ሰው አይጠፋም። 18ኛው አይፒኤ፣ ሲዘረዘር ኢንዲያ ፔል ኤል፣ ማለት ከእንግሊዝ እስከ ህንድ ባሕር ላይ ወራት እንዲቆይ ተብሎ የተፈጠረ፣ ለዚህም ሲባል ሆፕና አልኮል የተጨመረበት ቢራ ነው፤ ታዲያ ስድስት ወር መርከብ ላይ የቻለ አራት ወር መደርደሪያ ላይ እንዴት ይሸነፋል ብሎ ጠየቀ። ለእኔ ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ ልደግፈው ተነሥቼ ነበር ማለት ይቻላል።

19ኛው በቁጣ ገባ። ይህ ተረት ስንት ጊዜ ይነገራል ብሎ ጀምሮ፣ ሎንደን ውስጥ ቦው በሚባለው ቦታ ይጠምቅ የነበረው ጆርጅ ሆጅሰን ለህንድ ብሎ አዲስ ቢራ አለመፍጠሩን፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች የሚቆሙበት ወደብ ቅርቡ ስለነበር የነበረውን ቢራ እንደሸጠላቸው አስረዳ። ፖርተር የሚባለው ጥቁሩ ቢራም በዚያው መርከብ በደህና ይደርስ ነበር። ቢራው በጊዜው ሚዛን ጠንካራ የሚባልም አልነበረም። በርተን በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አልሶፕ የሚባል ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1822 ገብቶ ገበያውን ቀማው፤ የበርተን ውኃ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት የሆፑን ምሬት ጥርት ያደርገዋል። የምሥራቅ ህንድ ፔል ኤል የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1829 አውስትራሊያ ውስጥ በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል፤ ሆጅሰን ከጀመረ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። መረጃው ጥሩ፣ አቀራረቡ ዱላ። 20ኛው የ18ኛው ሰው መልስ ነበር፤ መምህሩ እንዲህ እንዳስተማረው፣ መለያ ላይም ተጽፎ እንዳየው ጠቅሶ አልበገር አለ። ሁለቱ በዚህ ሲቀጥሉ የቢራው ነገር ተረሳ።

ያስታረቃቸው 21ኛው ነው፤ ከ34ቱ አንዱን አስቀርተህ ሌላውን ጣል ብባል የማስቀረው ይህን ነው። ሁለታችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ ብሎ፣ ሆፕ ከምን ይከላከላል የሚለውን ጠየቀ። ከባክቴሪያ ነው። የሆፕ አሲዶች ቢራ የሚያመጥጡትን፣ እንደ ላክቶባሲለስ ያሉትን አብዛኞቹን ያቀጭጫሉ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው ጀርመናዊት መነኩሲት ሂልደጋርድ እንኳ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሳይታወቅ የሆፕ ምሬት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋለች። ከኦክሲጅን ግን ሆፕ አያድንም። ከብርሃን ጭራሽ፤ ብርሃን የሚሰብረው እሱኑ ነውና። ያ ህንድ ይደርስ የነበረው ቢራ በወፍራም የእንጨት በርሜል፣ በመርከብ ሆድ ጨለማ ውስጥ ነበር የተጓዘው፤ ብርሃን የሚባል አያውቅም። ደግሞ ሲደርስ ያረጀ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጠጪ የሚፈልገውም ያረጀውን ነው። ዛሬ አይፒኤ የምንለው፣ ትናንት የተበጠሰ ፍሬ የሚሸተው፣ በስም እንጂ በጠባይ የዚያ ልጅ አይደለም። 3ኛው ሰው ሆፑ ራሱ የደረሰበት ነገር ያለው አሁን ገባኝ።

ቀጥሎ ውሻ መጣ። እውነቴን ነው። 22ኛዋ ጓሮዋ ውስጥ ሆፕ የምታበቅል ናት፤ ተክሉ በወቅቱ በቀን እስከ 30 ሳንቲሜትር እንደሚያድግና ገመዱ ላይ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ እንደሚጠመጠም ስትተርክ ቆይታ፣ ከጠመቀች በኋላ የጣለችውን የሆፕ ዝቃጭ ውሻዋ በልቶ ሊሞት መድረሱን ነገረችን። ሆፕ ለውሻ መርዝ ነው፤ የሰውነቱን ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ያንረዋል፤ የፈላውም ያልፈላውም ያው ነው። በአንዴ የሚጨቃጨቀው ሁሉ ዝም አለ። 23ኛውና 24ኛው፣ እነዚያው የታሪክ ተፋላሚዎች ናቸው፣ ውሻው ተርፎ እንደሆነ ጠየቁ። ተርፏል፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ደርሶ። ውሻ ያላችሁ ዝቃጩን በተከፈተ ዕቃ አትተዉ፤ ከዚህ ሁሉ ንግግር ለሰው አሳልፌ የነገርኩት መጀመሪያ ይህን ነው።

25ኛው ምሬት የሚታወቀው በምላስ ጀርባ ብቻ ስለሆነ ቢራ ሲቀመስ ወደ ኋላ መወርወር አለበት አለ። 26ኛው የምላስ ካርታ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1901 የጀርመን ጥናት በተሳሳተ መንገድ የተቀዳ መሆኑን፣ ምሬትን የሚለዩ 25 ያህል የተቀባይ ዓይነቶች እንዳሉንና በምላስ ሁሉ ላይ እንደሚገኙ አስረዳው። ሆኖም ለመዋጥ የተሰጠው ምክር ራሱ ስህተት አይደለም፤ የሆፕ ምሬት ከተዋጠ በኋላ ነው የሚገነባው፣ የቢራ ቀማሾችም እንደ ወይን ቀማሽ አይተፉም።

27ኛው ላይ ያ ባለ አራት ጥያቄው ሰው ተመለሰ። አይፒኤ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ላይ ቢቀመስ መልካም ነው፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይታሰራል፣ ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። ብርጭቆው ግማሽ ድረስ ይቀዳ፣ አፍንጫ ከአፍ ይቅደም፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ውኃ ይጠጣ። ከዚያ ፈተና ሰጠኝ። አዲስ የታሸገ ተመሳሳይ ቢራ ልፈልግ፤ መስኮቱ ላይ ካለው ጋር ሌላ ሰው በሦስት ብርጭቆ ይቅዳልኝ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሦስተኛው የተለየ ሆኖ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የተለየውን ልለይ። በግምት የመምታት ዕድል ከሦስት አንድ ስለሆነ ደጋግሜ ላድርገው።

28ኛው ሰው የዋለበትን አላውቅም፤ ሁሉም ከበረደ በኋላ ነው የደረሰው። እርስዎ እያለ ጀምሮ አንቀጹ መሀል ላይ ወደ አንተ ወረደ። በጥቂት በርሜል የሚተዳደር ጠማቂ በእንደኔ ዓይነቱ ወሬ ገበያው እንደሚሰበር፣ ቢራውን ፀሐይ ላይ ዘፍዝፌ ሰውየውን መክሰሴ ነውር መሆኑን፣ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ጻፈ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መጠየቅም ነበረብኝ። 29ኛው ግን አላስቻለውም። አረንጓዴውን ጠርሙስ የመረጠው ገዢው ነው ወይ? ቀኑን በማይነበብ ቀለም ያተመውስ? ሆፕ የሞላበት ቢራ ሲሸጥ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ቶሎ ጠጡ ብሎ አለመጻፍ የማን ጥፋት ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ መስኮቱ የእኔ ነው፣ ጠርሙሱ ግን የእኔ አይደለም።

30ኛው ከ3ኛው በቀር የመጀመሪያ ጥያቄዬን በቁም ነገር የወሰደ ብቸኛው ሰው ነበር። ሆፕ ጉድለት ይሸፍናል ወይ ለሚለው፣ እንዲያውም ሆፕ ጉድለት ያመጣል አለ። ያልፈላ ሆፕ በብዛት ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች እርሾው ሊበላቸው ያልቻለውን ስኳር ይሰባብሩለታል፤ ተኝቶ የነበረው እርሾ እንደገና ይነሣል። ውጤቱ ያልታሰበ ጋዝ፣ ትንሽ ተጨማሪ አልኮል፣ ጠማቂው ታግሦ ካልጠበቀ ደግሞ ዳይአሲታይል የሚባለው የቅቤ ሽታ ነው። ክስተቱ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1893 ተጽፎበታል፤ ሆፕ ክሪፕ የሚል ስም አውጥቶ ጠማቂን ሁሉ ያሳሰበው ግን እንደ ጭማቂ የደፈረሱት ቢራዎች ከመጡ ወዲህ ነው። ስለዚህ በትንሽ ጠማቂ አይፒኤ ውስጥ ጥፋት መፈለግ ከፈለግኩ ቅቤ ላሽትት፤ ካርቶን ግን ብዙውን ጊዜ የጊዜና የአቀማመጥ ነገር ነው። 31ኛው የደፈረሰ ቢራ ቢራ አይደለም የሚል አጭር ቁጣ አስቀምጦ ሄደ፤ ማንም አልተከተለውም።

32ኛው የእኔ ነው። ከታሸገ ሁለት ሳምንት የሆነው፣ ከጠማቂው ማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ ጠርሙስ አገኘሁ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው ቤት ያደረስኩት። የቤቴ ሰው ቀዳችልኝ፣ ዓይኔን በሻሽ አሰረችኝ፣ እየሳቀች። ሦስት ዙር አደረግን። ሦስቱንም ገና ከአፍንጫዬ ሳላሳልፍ ለየሁ። አዲሱ ወፍራም የብርቱካንና የማንጎ ልጣጭ፣ ከሥሩ የጥድ ሙጫ፤ ሌላኛው ያው አውሬ ነው። ከዚያ ማንም ያላዘዘኝን ጨመርኩ፤ አፍንጫዬን በጣቶቼ ይዤ እንደገና ቀመስኩ። አንዱን ዙር ተሳሳትኩ፤ ሌሎቹንም ያገኘኋቸው በጭንቅ ነው። አፍንጫ ሲያዝ ሁለቱም መራራ ቢራዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ይህን ያህል አይደለም። ስከስሰው የነበረው ምሬት በአዲሱም ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ፤ መዓዛው አብሮት ሲሆን ግን ቦታው ይገባዋል። ለሐቁ ያህል፣ አሁንም 65 ለእኔ ይበዛል፤ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ውኃ ነው ያሰኘኝ። ይህንንም ጻፍኩ፤ የሦስቱን ብርጭቆዎች ፎቶም አያያዝኩ።

33ኛዋ፣ ያች ለእኔ የተከራከረችልኝ፣ ጠይቆ የሚፈትን ሰው በማየቷ ደስ እንዳላት ገልጻ አመሰገነችኝ። ትንሽ ኩራት ተሰማኝ።

34ኛው ባለ አራት ጥያቄው ነው። ፎቶውን አስፍቶ አይቶታል። የግራው ብርጭቆ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አረፋዎች ተለጥፈው ይታያሉ፤ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይለጠፍም፤ ሳሙና ወይም ቅባት ቀርቶበታል ማለት ነው፣ አናቱ ላይ አረፋው ቶሎ የጠፋውም ለዚህ ነው። በሙቅ ውኃ በደንብ አለቅልቄ፣ በጨርቅ ሳልወለውል ደፍቼ እንዳደርቀው መከረኝ። ተነሥቼ ሦስቱንም አጠብኩ።